ሁለት ባትሪ በመቀናጆ

እናቴ የተቀበረች ዕለት ዘግይቼ ደረስኩ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ የብስክሌት ወሬ ብቻ ይመስላል።

ግራ እግሬ በልጅነት ሕመም ቀጥኖ ቀርቷል። ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው በታች ባለችው የቆርቆሮ ሱቄ ተቀምጬ ቴሌቪዥንና ስልክ ስጠግን እግሬ ትዝም አይለኝም። ወላጆቼ ግን የሚኖሩት ጉና ወገብ ላይ ነው። መኪና የሚያደርሰው እስከ ዳገቱ ሥር ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ለጤነኛ ሰው የሁለት ሰዓት መንገድ አለ። ድሮ የአባቴ በቅሎ ታወጣኝ ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ወደ ቤት መውጣቴ ቀረ፤ እነሱ ለገበያ ሲወርዱ ሱቄ ጎራ እያሉ ያዩኝ ነበር።

የእናቴን መርዶ በሰማሁበት ጠዋት ከመኪና ስወርድ አራት ጎልማሶች ቃሬዛ ይዘው ከዳገቱ ሥር ቆመዋል። «ና ውጣ፣ እንሸከምህ» አሉኝ። የመንገድ ዳር ሰዎች እግሬን አይተው ያዘኑልኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። «እኔ አስከሬን አይደለሁም!» ብዬ ጮኽኩባቸውና ምርኩዜን ይዤ ዳገቱን ጀመርኩት። ጥቂት ከኋላዬ ተከተሉኝ፤ ለመኑኝ፤ እምቢ ስላቸው ባዶ ቃሬዛቸውን ይዘው አልፈውኝ ሄዱ። ስደርስ አፈሩ ተመልሷል፣ ሰዉም ድንኳን ገብቷል። አባቴ ቀና ብለው አዩኝና «መጣህ?» አሉኝ። ያቺ ቃል ዓመት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ለሙት ዓመቷ ማንም ሳይሸከመኝ፣ ማንንም ሳላስቸግር፣ በሰዓቱ ለመድረስ ለራሴ ማልኩ። ብስክሌቱን የሠራሁት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የኋላው ጎማ ላይ አንድ ሞተር አሰርኩ። ከመናኸሪያው ወደ ላይ ባለው ዳገት ስሞክረው እኩሌታው ላይ አቃስቶ ቆመ፤ ሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጡትም ሳቁ። እኔም አብሬ የሳቅኩ መሰልኩ እንጂ ውስጤ አሯል። ከባሕር ዳር ሌላ ያገለገለ ሞተር በአውቶቡስ አስመጥቼ የፊቱ ጎማ ላይ ገጠምኩ። ባትሪም ሁለተኛ ጨመርኩ፤ አንዱ ያንን ሁሉ ዳገት አይችለውምና። የቀረኝ ሽቦውን ማገናኘት ነበር።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሁለቱን ባትሪዎች አንድ ላይ አስሬ እንደ አንድ ትልቅ ባትሪ ላደርጋቸው አሰብኩ። ይህ የሚሆነው ሁለቱም እኩል ሲሞሉ ብቻ ነው። ሱቄ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምሰብከው ነገር ነው። ግን ዕለቱ የማርያም ዋዜማ ነበር። በነጋታው በዓል ነው፤ በማርያም ቀን መፍቻ ሳነሳ ጎረቤቶቼ ቢያዩኝ አይለቁኝም፣ እኔም ደስ አይለኝም። ሙት ዓመቱ ደግሞ አራት ቀን ብቻ ቀርቶታል። አንዱ ባትሪ ሞልቶ ሁለተኛውን ስሰካ መብራት ጠፋ። ጠበቅኩ፣ አልመጣም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ትዕግሥቴ አለቀ። «ምን ይሆናል!» ብዬ የሞላውን ከባዶው ጋር አገናኘሁት።

የሆነው ሁሉ በአንድ ቅጽበት ሆነ። እሳት ብልጭ አለ፣ የሽቦው ልባስ ቀለጠ፣ ማገናኛው እጄ ላይ ተጣበቀ። ከሞላው ባትሪ ያለው ኃይል ሁሉ እየተንደረደረ ወደ ባዶው ሲሮጥ ሽቦው ሊሸከመው አልቻለም። በእንጨት መትቼ ለያየኋቸው። መዳፌ ተላጠ። ሱቁን ዘግቼ ስወጣ የተናደድኩት በመብራቱም በበዓሉም አልነበረም። ያን ቀን ጎልማሶቹ ላይ ያስጮኸኝ ችኮላና እልኽ አሁንም ከእኔ ጋር ነበር።

በነጋታው ሥራ ስለሌለ የተጠቀለለ እጄን ታቅፌ ከተዘጋው ሱቄ ፊት ተቀመጥኩ። አባቴ ደወሉ።

«ምነው፣ ድምፅህ አላማረኝም?»

«የባትሪዎቹ ሽቦ ተቃጠለብኝ፣ አባባ። አንዱ ጠግቧል፣ አንዱ ተርቧል፤ አንድ ላይ ባስራቸው ተፋጁ።»

«ጠግቧል፣ ተርቧል ትላለህ፤ በሬ ነው እንዴ የምትሠራ?» ብለው ሳቁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ለመሆኑ ማን አንድ ግርግም ላይ እሰራቸው አለህ? የእኔ በሬ አንድ ነው። የጎረቤቴም አንድ ነው። በመቀናጆ ስናርስ የእሱ በሬ ከእሱ ቤት ይበላል፣ የእኔው ከእኔ ቤት። የሚገናኙ ቀንበር ላይ ነው፤ የሚሰሙም አንድ ጅራፍ ነው። ሥራው ሲያልቅ እንፈታቸውና እየቤታቸው ይገባሉ።»

ስለ ሽቦው የነገሩኝ ወዲያው ገብቶኛል። የከነከነኝ ሌላው ነው።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንድ በሬ የቀረዎ?»

«አምስት ዓመት አልፎታል።»

«አልነገሩኝምሳ!»

«ምኑን ልንገርህ? መቀናጆ ምን ነውር አለው? እሱ ይመጣል፣ እኔ እሄዳለሁ፤ መሬታችን አንድም ቀን ጦም አላደረም።»

አምስት ዓመት ሙሉ አባቴ በሰው በሬ እያረሱ መኖራቸውን አላውቅም ነበር። ለእሳቸው እንደ ነገር የሚነሳ እንኳ አልነበረም። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ እጄን የያዘኝን ሰው ሁሉ በጠላትነት ስመዘግብ ኖሬያለሁ። በጣም አፈርኩ።

በማግሥቱ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። የኋላው ባትሪ ለኋላው ሞተርና ኃይሉን ለሚመጥንለት መቆጣጠሪያ ብቻ፣ የፊተኛው ለፊተኛው ብቻ። የየራሳቸው ፊውዝ አበጀሁላቸው። የሚገናኙት ፍጥነት መስጫው እጀታ ላይ ነው፤ ከእጀታው የሚወጣውን የትእዛዝ ሽቦ ለሁለት ከፍዬ ለሁለቱም መቆጣጠሪያ ሰጠሁ። የሁለቱን ጥቁር ሽቦ አንድ ላይ አሰርኩ፤ አለዚያ አንደኛው ትእዛዙን አይሰማም። ቀዮቹን ግን ለያይቼ እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ብስክሌቱን ገልብጬ እጀታውን ቀስ ብዬ ስጠመዝዘው ሁለቱም ጎማ ዞረ። የፊተኛው ጥቂት ይቀድማል። ተውኩት። መብራት መጥቶ ስለነበር ሁለቱንም ባትሪ ለየብቻ ሞላሁ።

የሙት ዓመቷ ዕለት ማለዳ ብስክሌቱን መኪና ጣራ ላይ አስጭኜ ከዳገቱ ሥር ወረድኩ። አምና ቃሬዛው የቆመበት ቦታ ላይ ማንም አልነበረም። በቀኝ እግሬ እየረገጥኩ እጀታውን ጠመዘዝኩ፤ ወጣ! የገብሱን ማሳ፣ የድንቹን ማሳ እያለፍኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ብርዱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፤ ብርዱ ብቻም አልነበረም።

አብዛኛውን መንገድ ከጨረስኩ በኋላ የፊተኛው ባትሪ ሞተ፤ ያን ቀን ባዶውን የነበረው፣ ጉዳት የደረሰበት። ከኋላው ተለይቶ የታሰረ ስለሆነ ብቻውን ሞተ፤ የኋላው መግፋቱን ቀጠለ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ከባሕር ዛፉ በላይ ሲታየኝ ግን የመጨረሻው ዳገት ዝናብ አግኝቶት ጭቃ ሆኗል። ጎማው ባለበት ይሽከረከር ጀመር። ጸሎቱ ከላይ ይሰማኛል። ወርጄ እንዳልገፋው እግሬ አይችልም። እንደገና ልዘገይ ነው!

አባቴ በትራቸውን ይዘው ከላይ ሲወርዱ አየኋቸው። አጠገቤ ደርሰው ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱት።

«የቱ ነው የደከመው?»

«የፊተኛው።»

ከቀንበር የተፈታ በሬ እንደሚዳስሱት መዳፋቸውን ባትሪው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ወንበሩን ያዙ። ግን አልገፉም።

«ያን ቀን ቃሬዛውን የላክሁት እኔ ነበርሁ» አሉ። «መቃብር ከሚቆፍሩት አራቱን አስነስቼ። ቄሶቹንም እስቲ ትንሽ ቆዩልኝ ብዬ ነበር። ባዶውን ሲመለስ አየሁት።»

ዞሬ ላያቸው አቃተኝ። «አላወቅሁም፣ አባባ» አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ።»

ወንበሩን እንደያዙ እግራቸውን ጭቃው ላይ አደላደሉ።

«እህ፣ ዛሬስ? ልግፋ?»

«ይግፉ፣ አባባ» አልኳቸው። እኔ በቀኝ እግሬ ረገጥኩ፣ የኋላው ሞተር ጮኸ፣ አባቴ እያቃሰቱ ገፉ። መቃብሯ ዘንድ ስንደርስ ቄሱ ገና ስሟን አልጠሩም ነበር።