የላይኛው ሲከፈት

ቡሬ ውስጥ ስም ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶች ሁለት ነበሩ። አንዱ ዳገቱ ላይ ስለሆነ «የላይኛው» እንለዋለን፤ ሌላው ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ስላለ «የታችኛው»። ትክክለኛ ስማቸው በራቸው ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ በዚያ ስም ሲጠራቸው የሰማሁት ሰው ግን የለም። አባቴ የላይኛው ሰው ነው። እናቴ የታችኛው። ታናሽ እህቴ ከሁለቱ መሐል ነበረች።

አባቴ በቆሎ ነጋዴ ነው፤ ከገበሬ እየገዛ በመኪና ይጭናል። እናቴ በከተማው ውኃ አገልግሎት ቢሮ ጸሐፊ ናት። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ስለ ትምህርት ሲወራ እኔን የሚጠይቀኝ አልነበረም። አንድ ጊዜ ሳልጠየቅ ብናገር አባቴ «አንቺማ የመንግሥት ነሽ» አለኝ፤ ወታደር የሆንሁ ነበር የሚመስለው።

ክርክሩ የሚደምቀው በጊዮርጊስ ማኅበር ላይ ነው። ማኅበሩ በየወሩ በሃያ ሦስት በአንዱ አባል ቤት ይጠጣል። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው፣ ጠላው ገና አንድ ዙር ሳይዞር፣ አንዱ «የዘንድሮን የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሰማችሁ?» ይላል። በቃ፣ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። የላይኛው ሰዎች መጽሐፉ ከውጭ አገር እንደሚመጣ፣ ልጆቹ ከረባት እንደሚያስሩ፣ በግቢው አማርኛ እንደማይነገር ይዘረዝራሉ። የታችኛው ሰዎች ደግሞ ከረባት ፈተና አሳልፎ እንደማያውቅ ይመልሳሉ። አንድ ወር አባቴ ብድግ ብሎ «ከላይኛው ሃያኛ የወጣ፣ የታችኛውን አንደኛ ያስከነዳል!» አለ። ቄሱ ዋንጫቸውን አስቀምጠው «ቆዩ ብቻ፣ ነገ ሰማዕቱንም ከሌሎቹ ጋር አወዳድራችሁ ደረጃ ታወጡለታላችሁ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ክርክሩ ቀጠለ።

አባቴ አሸነፈና እህቴ የላይኛው ገባች። ከገባችበት ዓመት ጀምሮ ሁለተኛ ትወጣ ነበር። አንደኛዋ የፋርማሲው ባለቤት ልጅ ናት። ውጤት በሚሰጥበት ቀን እናቴ «የታችኛው ብትሆን እኮ ይኸኔ አንደኛ ነበረች» ትላለች፤ አባቴ የላይኛው ሁለተኛ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ልጅቱ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ጓሮ ገብታ ደብተሯን ትከፍታለች። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ስምንተኛ ክፍል ላይ እበልጣታለሁ፤ ታያለሽ» ትለኝ ነበር።

«ሦስተኛዋ እንዳትቀድምሽ ብቻ» ብዬ እቀልድባታለሁ።

«እሷማ ከእኔ በጣም ነው የምትርቅ!»

ሰባተኛን ጨርሳ ስምንተኛን ስትጠብቅ ተኩሱ መጣ። የላይኛውም ተዘጋ፣ የታችኛውም ተዘጋ፣ የእኔውም ተዘጋ። የላይኛው ተማሪ የሚያመላልስበት ሚኒባስ ግቢው ውስጥ ጎማው ተንፍሶ ቀረ፤ ሥሩ ፍየል ሲተኛ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ማኅበሩም ማታ ማታ መሆኑ ቀርቶ ጠዋት ሆነ፤ ሰውም ሳሳ። ክርክሩ ግን አልተዘጋም። የቱ ቀድሞ ይከፈታል? የቱ መምህራኑን ሳይበትን ያቆያል? የተኩስ ድምፅ እየተሰማ አባቴ ቁርጥራጭ ዳቦውን እንደያዘ «የላይኛው ሲከፈት እንደ ድሮው አይሆንም፤ ይብሳል፤ ይሻላል ማለቴ ነው» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ከመሐላቸው ተነሥቼ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው።

እኔ መቀመጥ አልቻልሁም። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ሰፊ ግቢ አላቸው፤ እሳቸውን ለምኜ፣ አሮጌ በር ጥቁር ቀለም ቀብቼ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ማስተማር ጀመርሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፤ የላይኛውም አለ፣ የታችኛውም አለ፣ ምንም ያልነበረውም አለ። እህቴ በሁለተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ ልትከተለኝ ስትል አባቴ በር ላይ አስቀራት።

«ወዴት ነው? ከእነዚያ ጋር ተደባልቀሽ? ደረጃሽ ይወርዳል!»

እናቴን አየኋት። ዕድሜዋን ሙሉ በትምህርት ነገር ተቃራኒው የነበረችው እናቴ «እውነቱን ነው፤ ፊደል ካልለዩት ጋር ተቀምጣ ወደ ኋላ ትቀርብናለች» አለችኝ። በዚህ ጉዳይ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ምነው ባልተስማሙ ብዬ የተመኘሁትም ያን ቀን።

ቤት ውስጥ ማታ ማታ ለብቻዋ ላስተምራት ሞከርሁ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበረች። እየቆየ ግን እርሳሱን ስሰጣት ዝም ብላ ታየዋለች።

«ምነው?» አልኋት።

«ብቻዬን ማንን ልብለጥ?» አለችኝ።

እኔ አጥሩን ተሻግሬ ሌሎቹን ሳስተምር፣ እሷ በዚህኛው ወገን ልብስ እያጠበች ድምፄን እንደምትሰማ አውቅ ነበር።

ክረምቱ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። እህቴ ቁመቷ እናቴን አለፈ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሆናት። ወላጆቼ ፈርተው ነበር፤ ይህን አልክድም። ከተማው ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው በዝቷል፤ ከጎረቤት ሴት ልጅ ስለመጥፋቷ ይወራል፤ እናቴ ልጅቱን ወፍጮ ቤት እንኳ መላክ ትታለች። አንድ ማለዳ አባቴ ከተወለደበት ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወገን፣ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጅ ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ አሉ፤ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

አባቴ ፊቱ ጠቁሮ «ልጄ ተማሪ ናት» አለ።

ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «እናውቃለን፤ ጠይቀን ነው የመጣነ» አሉ። «ቡሬ ካለው ሁሉ ቁንጮ ከሆነው ከላይኛው የተማረች ናት አሉን። እኛ ዘንድ ከዚያ የወጣች ልጅ በደጃፍም አልፋ አታውቅም። ለዚሁ ነው ደፍረን እደጅዎ የቆምነ።»

አባቴ «ይህን ማን ነገራችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«አገር የሚያውቀውን! የላይኛውን የማያውቅ አለ ወይ?»

«በሉ ተቀመጡ እንጂ፤ ቆማችሁ አይሆንም» አለ አባቴ።

ጠላ ቅጂ ተብዬ እንስራው አጠገብ ቆሜ ስሰማ እናቴ «ልጁስ የት ነው የተማረ?» አለች። እዚያው ገበዝ ማርያም እስከ አሥር መማሩን ነገሯት። «የመንግሥት ነዋ» ብላ አሽሟጠጠች። አባቴ ወዲያው በዚያ ዘመን የገበዝ ማርያም ትምህርት ቤት መምህራን ስመ ጥር እንደነበሩ፣ የዛሬዎቹን የግል ትምህርት ቤቶች እንደሚያስንቁ ይተነትንላት ጀመር። እናቴም መለሰችለት። የልጃቸው ዕድሜ ቀርቶ የሙሽራው ትምህርት ቤት ስንተኛ እንደሆነ ተከራከሩ! ሽማግሌዎቹ አንዴ ወደ አባቴ፣ አንዴ ወደ እናቴ እያዩ ይጠጣሉ።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥሁና «አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሕግ አለ!» አልሁ።

አባቴ ሳያየኝ «የት ነው ያለ ሕጉ? ቢሮው ተከፍቷል ወይ?» አለ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

የአባቴ ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፦ ትምህርት ሲጀመር ልጅቱ ተመልሳ ትማራለች፤ የላይኛው ብቻ፣ ሌላ አይሆንም። ትልቁ ሽማግሌ «በጊዮርጊስ! የላይኛው በተከፈተ ማግሥት እኛው በበቅሎ እናመጣታለነ» ብለው ማሉ። አባቴ በዚያ መሐላ ልጁን እንዳዳናት ቆጠረው። ለኔ ግን የተፈረደባት ያን ሰዓት ነው።

እህቴ አላለቀሰችም። ልትሄድ ስትል ከረባቷን ከግድግዳው አውርዳ በሻንጣዋ ውስጥ አስገባችና «ሲከፈት ትነግሩኛላችሁ አይደል?» አለችን። ሁላችንም በአንድ አፍ «እንዴታ!» አልናት።

ቀድሞ የተከፈተው የታችኛው ነበር። እናቴ እናምጣት ብላ ለመነች፤ አባቴ «ውሉ ለላይኛው ነው» ብሎ እንቢ አለ። በኋላ የላይኛውም አጥሩን ቀለም ቀብቶ ከፈተ። አባቴ ኮቱን ለብሶ የወላጆች ስብሰባ ሄደ፤ እዚያ የሚማር ልጅ የለውም፣ ግን ሄደ፣ ሐሳብም ሰጥቶ መጣ። ወደ ቋሪት መልእክት ላከ። ሰብል ላይ ነን፣ ሰብሉ ይነሣ አሉት። ሰብሉ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ፋሲካ ይለፍ አሉት። ከዚያ ወዲያ የመጣ ቃል የለም።

እኔ ያገኘኋት ፍኖተ ሰላም ነው። ዞኑ ለመምህራን ስብሰባ ጠርቶን ነበር፤ በምሳ ሰዓት በገበያው ሳልፍ ቅቤ ከሚሸጡት ሴቶች መሐል አየኋት። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ እጇ ሻክሯል። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። አማቷ በወዲያ በኩል ስለነበሩ ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

«ተከፈተ አይደል?» አለችኝ።

«ተከፈተ።»

«ሰምቻለሁ።» በቅቤው ላይ ያረፈውን ዝንብ እሽ አለች። «አንደኛ ማን ወጣ?»

የፋርማሲው ልጅ ወላጆቿ ወደ ባሕር ዳር እንደወሰዷት ነገርኋት። አሁን አንደኛ የምትወጣው ያቺ ሦስተኛዋ መሆኗንም ነገርኋት፤ ምነው ባልነገርኋት።

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ሳቀች። «እሷ? እሷማ ከእኔ በጣም ነው የምትርቅ» አለች። ከዚያ ገዢ መጣችባትና ፊቷን አዞረች።

ማታ ቡሬ ስገባ አባቴ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ እንዳየኋት በስልክ ነግሬው ነበር። «ምን አለች?» አለኝ። መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ መንገድ ሙሉ የምናገረውን ስደረድር መጥቻለሁ። ሳየው ግን የጠየቀችኝን ብቻ ነገርሁት።

«አንደኛ ማን ወጣ አለችኝ።»

አባቴ ከበሩ ዘወር ብሎ አሳለፈኝ። ማኅበሩ ዛሬም በየወሩ በሃያ ሦስት ይጠጣል፤ ስለ ትምህርት ቤት ሲነሣ እሱ ዋንጫውን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣና፣ ወሬው እስኪቀየር ደጅ ይቆማል።