የተከልኩት ሳር

ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን ቦታ ለአራት ሆነን፣ ማንም ሳያዘን፣ አትክልት ቦታ አደረግነው። እኔ ጫፉ እንደ ፈረስ ጭራ የሚዘናፈል የጌጥ ሳር ተከልኩበት። «ሰው ሳር ይነቅላል፣ አንተ ትተክላለህ?» ብሎ ያልሳቀብኝ ጎረቤት የለም፤ ባለቤቴም ጭምር። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ስንዳክር ዞር ብሎ ያየን አልነበረም።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ብሄድ ሳሬ ከሥሩ ታጭዷል። ማን እንዳጨደው ልጠይቅ በር ባንኳኳ፣ የመጀመሪያው ቤት ወለል ላይ ተጎዝጉዟል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ቤት እንዲሁ። «እንኳን አደረሰህ! ግባ እንጂ!» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

በግኜ ስመለስ የኛም ሳሎን አረንጓዴ ሆኗል።

«ሰፈሩ ሁሉ ሲያጭድ የባለሳሩ ቤት ባዶውን ይዋል?» አለች ባለቤቴ።

እኔም ረግጬው ገባሁ።