ለቁርስ የዘፈዘፍኩት ስንዴ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የማንጎ ወቅት ገብቶ፣ አሶሳ ያለው የግቢያችን ዛፍ ፍሬውን ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ያወርደዋል፤ ዱብ ባለ ቁጥር እንደነግጣለን። አባቴ ከሆስፒታል ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚውጣት ኪኒን አለችው፤ በባዶ ሆዱ ከዋጣት ያስመልሰዋል። ምግብ ደግሞ እምቢ ብሏል። ነርሷ «ኪኒኗ ሆዱ ውስጥ ካልረጋች ተመልሶ መተኛቱ ነው» ብላኛለች። እንግዲህ የዚያ ሰሞን ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ አባዬን ቁርስ ማብላት።

አጥሚት ብሠራለት «አራስ ነኝ እንዴ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ገንፎውንም እንደዚያው። የወጥ ሽታማ ጭራሽ አስጠልቶታል።

እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ የማውቃትን ሁሉ የለቃቀምኳት ከሬዲዮና ከሰው አፍ ነው። አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ሴት በሬዲዮ ሙዝሊ ስለሚባል ቁርስ ስታወራ ሰማሁ። ያልተፈጨ እህል ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት ከፍራፍሬ ጋር መቀላቀል፤ በቃ! እሳት የለ፣ ሽታ የለ። ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ማንጎው ከጣሪያ፣ ማሩ ከጓዳ፣ ኦቾሎኒው ከገበያ!

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት በዕድሜህ ቀምሰኸው የማታውቀውን ነገር ነው የማበላህ» አልኩት።

«እሱን ነገ እናያለን» አለ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ስንዴውን ለቅሜ፣ አጥቤ፣ በጎድጓዳ ሳህን ዘፈዘፍኩት። ማንም እንዳይነካካብኝ ከድኜው ኦቾሎኒ ልገዛ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴን ደግፌ አስቀመጥኩት። ኪኒኗን በመዳፉ ይዞ ይጠብቀኛል። ሳህኑን ፊቱ አቀረብኩና ክዳኑን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ቀስ አድርጌ አነሳሁት። ባዶ!

«እማዬ! ስንዴዬስ?»

እናቴ ፊቷ በርቶ ከጓዳ ብቅ አለች። «ትናንትና አጥልዬ በኮባ ጠቀለልኩልሽ። ድንጋይም ጫንኩበት። ምነው ልጄ፣ የአባትሽን ስለት ልታስገቢ ስታስቢ ለኔ አትነግሪኝም?»

በቤታችን እህል የሚዘፈዘፈው ለብቅል ነው። እናቴ ከወሎ በሰፈራ ከመምጣቷ በፊትም፣ ከመጣችም በኋላ፣ የተዘፈዘፈ ስንዴ ካየች እጇ በራሱ ኮባ ይፈልጋል። ለአባቴ መዳን ጠላ ልጠምቅ መስሏት ኖሯል!

«ለጠላ አይደለም፤ ለቁርስ ነው!»

«ጥሬውን?» አለች አፏን ይዛ።

ይሄኔ አባቴ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «ወይ ጉድ! አንዷ ጥሬ ታበላኛለች፣ አንዷ ሳልድን ትደግስልኛለች!»

ሮጬ ጓዳ ገባሁና ድንጋዩን አንስቼ ኮባውን ፈታሁ። ምን ልበላችሁ! በአሶሳ ሙቀት አድሮ እያንዳንዱ ፍሬ ነጭ ጫፍ አውጥቷል። አንዷን አፌ ጣል አደረግኳት። ለስልሳለች፤ ደግሞ ትጣፍጣለች! አጠብኩት፣ በሙቀጫ መታ መታ አደረግኩት፣ ማንጎ ከተፍኩበት፣ የተቆላ ኦቾሎኒ ወቅጬ ነሰነስኩ፣ ማር አንጠባጠብኩበት።

አባቴ አሸተተው። «ይኼ አያሰክርም?»

«አንተ ሰውዬ፣ ያልተጠመቀ ምን ያሰክራል? ብላ!» አለች እናቴ።

አንድ ማንኪያ ጎረሰ። አላመጠ፤ እኛም አብረነው እናላምጣለን። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከዚያ ኪኒኗን ዋጣት። እናቴ እንደ ወትሮው ማስታወኪያ ሳፋውን ይዛ አጠገቡ ቆመች። ማንጎ ጣሪያው ላይ ዱብ ሲል ሁለታችንም ዘለልን። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ጨምሩልኝ እንጂ!»

እናቴ ሳፋውን መሬት አስቀመጠችና እልል አለች። እኔ እየሳቅኩ ማንኪያውን ከእጁ ልነጥቀው ምንም አልቀረኝ፤ እኔም እኮ አልቀመስኩም ነበር!

ከሰዓት በኋላ አባቴ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳይዘፈዘፍ የተረፈውን ስንዴ ለቀመ። ሲጨርስ ሳህኑ ውስጥ ገልብጦ ውሃ ጨመረበት። ከዚያ ምርኩዙን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣና ኮባ ቆርጦ ገባ።