አባቴ ያልጻፉት ጥያቄ

ሥራዬ ሰው ኮምፒውተር ላይ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ማወቅ ነው። እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ኪርያት አርዬ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ላይ አራት ሆነን የምንሠራባት ቢሮ አለችን። ለክሊኒኮችና ለሱቆች ድረ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ እጽፋለሁ። ከመጻፌ በፊት ግን ቃል እፈልጋለሁ። ለዚህ የምንጠቀመው በነጻ የሚገኙትን መሣሪያዎች ነው። አንድ ቃል ስሰጣቸው፣ ሰዎች ያንኑ ነገር በምን በምን አነጋገር እንደሚፈልጉት፣ ከሚበዛው ወደሚያንሰው ደርድረው ያወጡልኛል። ነጻ ስለሆኑ በቀን ጥቂት ጊዜ ከመለሱ በኋላ «ነገ ተመለሱ» ብለው ይዘጋሉ። ስለዚህ የምጠይቀውን አውቶቡስ ላይ አስቤ፣ በወረቀት ጽፌ ነበር የምገባው።

ያን ጊዜ አንድ የዓይን ክሊኒክ ስለ ግላኮማ እንድንጽፍለት ጠየቀን። ሳያም፣ ሳያቀላ፣ ብርሃንን ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል የሚመጣ በሽታ ነው። በዕብራይስጥ «ዓይን» እና «ጎን» ብዬ ጻፍሁ። ዝርዝሩ ወረደልኝ፦ «ለምን ከበር መቃን ጋር እጋጫለሁ»፣ «ደረጃ መሳት»፣ «ከጎኔ ያለው አይታየኝም»። እነዚያን ጥያቄዎች ወደድኋቸው። እያንዳንዱን የጻፈ አንድ የፈራ ሰው እንዳለ እያሰብሁ ስድስት ጽሑፍ አወጣሁባቸው። አንዱን የጀመርሁት «ወላጅዎ ከዕቃ ጋር መጋጨት ከጀመሩ፣ እርጅና ነው ብለው አይለፉት» ብዬ ነበር። አለቃዬ ይህን አረፍተ ነገር ጮክ ብላ አንብባ አመሰገነችኝ።

አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ክፋር ጋኒም በሚባለው ሰፈር ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ዕብራይስጣቸው ለሥራ ይበቃል፣ ለሕመም ግን አይበቃም።

እነዚያን ጽሑፎች በምጽፍበት ሰሞን፣ እራት ላይ ብርጭቆ በክርናቸው ገፍተው ደፉ።

«ሰው ከጎኔ ድንገት ይደርስብኛል» አሉኝ። «ከየት እንደመጣ ሳላየው አጠገቤ ቆሞ አገኘዋለሁ።»

ስልኬ ላይ እንዳቀረቀርሁ፣ «መንገዱ ሰው ስለሚበዛበት ነው። በሰደር ነው፣ ምንም አይደል፣ አባዬ» አልኋቸው።

«ሰውስ አልበዛም፣ ልጄ።»

«እንግዲህ እርጅናም አለ።»

ጨርቅ አምጥተው ውሃውን ጠረጉ። በግራቸው በኩል የፈሰሰውን ግን እንዳለ ተዉት። እኔም አየሁት፤ ጨርቁን ተቀብዬ ጠረግሁና ወደ ስልኬ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጸሎት ቤት በእግራቸው መሄድ ተዉ። ትከሻቸው ላይ ሰንበር አየሁ፤ ሲጠየቁ «ቁም ሳጥኑ ነው» አሉ። እናቴን እያሰቡ የተከፉ መስሎኝ ነበር። አንድ ዓርብ፣ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ የሕንፃውን ደረጃ ስተው ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታል አጥንቱን ያሰረላቸው ሐኪም አተያያቸው ስላልጣመው ወደ ዓይን ክፍል ላካቸው።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት። ለረጅም ጊዜ መረመረቻቸው። ግራው ጠፍቷል አለችኝ፤ በቀኙ የሚያዩት በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው። ከዚያ፣ «መቼ ነው የጀመራቸው? ለሰው ነግረው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። ጥያቄውን በአማርኛ አቀረብሁላቸው። አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ «እንጃ። አልታወቀኝም በያት» አሉ።

እኔም ለሐኪሟ «አልታወቃቸውም» አልኋት። ላርመው እችል ነበር። አላረምሁትም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ «ለምን እውነቱን አልነገሯትም?» አልኋቸው።

«ምን ብዬ?»

«ለእኔ ነግረውኝ ነበር።»

«ላንቺማ ነገርሁ። ለእሷ ምን ይጠቅማታል?» አሉና የተሰበረ እጃቸውን በደህናው ደገፉት።

ቢሮ ስመለስ፣ የዕለቱ ነጻ ፍለጋዬ ሳያልቅ፣ አባቴ እራት ላይ ያሉኝን በአማርኛ ጻፍሁ። መሣሪያው «መረጃ የለም» አለ። «ዓይን» ብቻ አልሁት፤ አሁንም መረጃ የለም። አንድ ገጽ በአማርኛ እንጻፍ ብዬ ለአለቃዬ አቀረብሁ። ክፉ ሰው አይደለችም። ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ «ማንም የማይፈልገውን እንዴት ለደንበኛው እሸጥለታለሁ?» አለችኝ።

«ሽማግሌዎቻችን ኮምፒውተር ላይ አይጽፉም» አልኋት። «ለልጆቻቸው ነው የሚናገሩት።»

የአባቴን ነገር ያኔ ነገርኋት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «እሺ፣ ጻፊው» አለች።

ቃሉን የሚሰጠኝ መሣሪያ ስላልነበረ ሽማግሌዎች ወደሚውሉበት ሞዓዶን ሄድሁ። ዓይናችሁ ሲደክም ምን ትላላችሁ እያልሁ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንዲት እናት «ዓለም ጠበበችኝ» አሉኝ። ሌላው ሽማግሌ፣ «እኔስ ምንም አልል፤ ልጆቼ ሥራ ላይ ናቸው» አሉ። ይህን የመጨረሻውን ደብተሬ ላይ ከጻፍሁ በኋላ ሌላ መጠየቅ አቃተኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ።

ገጹ በሁለት ዓምድ ተሠራ፤ በአንዱ ወላጅ የሚሉት በአማርኛ፣ በሌላው ልጅ ለሐኪም የሚያስረዳው በዕብራይስጥ። ክሊኒኩ ከድረ ገጹ ግርጌ አስቀመጠው። የሚጎበኘው ሰው ጥቂት ነው፤ በአንዳንድ ሳምንት ጭራሽ የለም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ለአባቴ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ደህና ነው» አሉ። ደግሞም፣ «ልጁ ከሰማ» አሉ።

ሊወቅሱኝ አይመስለኝም፤ ወቀሳ አያውቁም። ተነሥቼ የዓይን ጠብታቸውን አመጣሁ። ጠብታው ያለውን ያቆያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ፤ የዓይናቸውን ሽፋን በጣቴ ከፍቼ ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ አንድ ጠብታ ጨመርሁ። «በቃ?» አሉ። «በቃ፣ አባዬ» አልኋቸው። ወደ መኝታቸው ሲሄዱ ግድግዳውን እየዳበሱ ነበር፤ ክንዴን ብሰጣቸው «ተይ፣ ልልመደው» አሉኝ።