ጣርማ በር ላይ የቀቀልኳቸው ሸርጣኖች

ከስድስት ዓመት ረዳትነት በኋላ የጭነት መኪና መሪ በጨበጥኩበት የመጀመሪያ ጉዞ፣ ከአሰብ ከጫንኩት ጨው ሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ አንድ ባልዲ ነበር። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ባልዲው ውስጥ የባሕር ውሃ፣ የባሕር ሣርና አራት ሸርጣኖች ነበሩ።

ባለቤታቸው አቶ ግርማ የሚባሉ የዓሣ ሀብት ሠራተኛ ናቸው፤ ጋቢና አብረውኝ ተሳፈሩ። ሸርጣኑ የአገሩ እንዳልሆነ፣ በመርከብ መጥቶ ከወደብ ወደብ እየተስፋፋ የአጥማጁን መረብ እንደሚበጣጥስ መንገዱን ሙሉ አወሩኝ። ቅርፊቱን ቢልኩ፣ አዲስ አበባ ያሉት አለቃቸው ከመርከብ የተጣለ ሬሳ ነው ብለው አላመኑም። በሕይወት አምጥተህ ካላሳየኸኝ ለአጥማጆቹ ጠንካራ መረብ አልፈቅድም ብለዋቸዋል።

ጣርማ በር፣ ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አቶ ግርማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። ባልዲውን ባየው ሸርጣኖቹ በብርዱ ደንዝዘው ቀርተዋል። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ብርድ የመታው ግልገል ነፍስ የሚዘራው እሳት ዳር ሲደረግ ነው። ባልዲውን በዝተት፣ በበግ ጠጉር ብርድ ልብሴ፣ ጠቅልዬ፣ ጋቢና ውስጥ ከሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጥኩት። ምሳችንን የምናሞቀው እዚያ ክዳን ላይ ነበር! በብልሃቴ ኮርቼ እያፏጨሁ ነዳሁ።

ደብረ ብርሃን ስንቆም አቶ ግርማ ነቅተው ዝተቱን ገለጡት። ሸርጣኖቹ ቀልተዋል። አንዱን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «ወልዴ፣ ቀቀልካቸው እኮ» አሉኝ። ዝተቱን መልሰው ሸፈኑት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አዲስ አበባ እንደገባን አብሬያቸው ቢሮ ሄጄ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ። አለቃው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝና ባልዲውን ትሪ ላይ አስገለበጡት። ከሣሩ ውስጥ ጥፍር የሚያካክሉ ሸርጣኖች ተበተኑ፤ እኛ አንድም ቀን ልብ አላልናቸውም። ትልቋን ቢገለብጧት ደግሞ ሆዷ ሥር እንቁላሉ እንደ ጤፍ ተጣብቋል።

አለቃው ሳቃቸውን አቆሙ። «እኔ ከመርከብ የተጣለ መንገደኛ ነው ስል፣ ለካ እዚሁ ባሕራችን ውስጥ ወልዶ ከብዶ ተቀምጧል» አሉ። መረቡ ተፈቀደ። አቶ ግርማ እየሳቁ ጀርባዬን ሲደልቁኝ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። ጭነት ስረከብ ክብደቱን ከመጠየቄ በፊት «ምን ይገድለዋል?» ብዬ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ።