ከቢላ መልስ የሚጎድለው ካርቶን

ከጸሎት ቀጥሎ የማምነው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ነው። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ባለ የሳሙና ማከፋፈያ ንብረት ክፍል ሆኜ ስቀጠር ባለቤቱ ቁልፍና ስልክ አስረከቡኝ። ስልኩ ላይ የተጫነው አዲስ ሶፍትዌር ለሱቆች የሚያድለውን አይሱዙ መኪና እንደ አንድ መጋዘን ይቆጥረዋል። የተጫነው ይመዘገባል፣ ለሱቅ የወረደው ይቀነሳል፣ ማታ የተረፈው ልክ መምጣት አለበት።

ልክ አይመጣም። አይሱዙው ቢላ የምትባለው ከተማ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር አንድ ካርቶን ይጎድላል። አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት ቢጎድል ስህተት ነው እል ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ መሆኑ ግን ልማድ ያለው ሌባ ሆነብኝ።

ሾፌሩ ከአባቴ የሚበልጡ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት «አከም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ» ይሉኛል። ልጄ ባሉኝ ቁጥር ይብስ እጠረጥራለሁ፤ ሌላ ነገር ከሌለ ምን አስቆላመጣቸው? ባለቤቱ ጉድለቱን አይተው «እሱ ነው ካልሽ ሰኞ አሰናብተዋለሁ» አሉኝ። እሳቸው ናቸው አልኩ። ግን እጅ ከፍንጅ ልያዛቸው ብዬ ዓርብ ዕለት ጋቢና ገባሁ።

ቢላ፣ የመጀመሪያዋ ባለሱቅ ዕቃዋን ተረክባ ስልኩ ላይ ፈረመች። ሾፌሩ ወደ መኪናው ተመልሰው ካርቶን ቀደዱና ሁለት ሳሙና አውጥተው ሰጧት።

«ያዝኩዎት!» አልኩ፣ በሰው ፊት።

«ማሊ? ምኑን ያዝሽ? ምራቂ ነው እኮ! ካንቺ በፊት የነበረው ሰውዬ ለየሱቁ ምራቂ የሚሆን አንድ ካርቶን ለብቻ ይጭንልኝ ነበር። አንቺም የምትጭኚልኝ መስሎኝ።»

በጀመርኩበት ሳምንት ያለ ወረቀት የተጫነ ካርቶን አግኝቼ፣ ይኸው ስርቆት ብዬ ያስወረድኩት እኔው ነኝ። ሶፍትዌሩ ገዢ የሌለው ዕቃ አይቀበልም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም። ጤፍ ስገዛ ምራቂ ካልተጨመረልኝ ንቅንቅ የማልል ሴት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እዚያው ሆኜ ለባለቤቱ ደወልኩ። ሳቁ። ሾፌሩ ከሥራቸው አልተነሱም፤ ሶፍትዌሩ ላይም «ምራቂ» የሚባል ደንበኛ ተከፈተ። ግን ሊባረሩ እንደነበርና ማን እንዳስጠረጠራቸው ሰሙ።

ሰኞ መኪናው ተጭኖ ሲያልቅ ስልኩን እንዲፈርሙ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። ዕድሜ ልካቸውን ሳይቆጥሩ ሲፈርሙ የኖሩት ሰው ካርቶኑን ሁሉ አስወርደው፣ አንድ በአንድ እየነኩ በኦሮምኛ ቆጠሩ።

«እኔ የጫንኩትን አያምኑም?» አልኳቸው፣ ቅር ብሎኝ።

«አሁን አላምንም» አሉና ፈረሙ።