የወይዘሮ ፈለቀች የዘይት ማገጃ

ወይዘሮ ፈለቀች ቦሌ ውስጥ ከእኔ አጥር ቀጥሎ የሚኖሩ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ረታ በሰባ ሁለት ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዘምተው፣ ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ደብዳቤያቸው ተቋርጧል።

ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ እኒህ ሴት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፊያት መኪናቸውን አስነሥተው፣ ከግቢ ሳይወጡ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ያጠፉ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍሁ መካኒክ ብሆንም፣ ቤንዚን እንዲያው እንደማይቃጠል አውቃለሁ። ሊኮበልሉ የተሰናዱ መስሎኝ ብዙ እሑድ በአጥር ቀዳዳ ተመልክቻለሁ።

በሰባ ሰባት ራሳቸው ጠሩኝ። ሞተሩ ሥር ያነጠፉት ካርቶን በዘይት ርሷል። አቶ ረታ ሊዘምቱ ሲሉ ዘይቱ መንጠብ ጀምሮ ኖሮ፣ አዲስ ማገጃ ገዝተው፣ «እስክመለስ ማንም አይንካው፤ ሞተሩ ላይ ያለው የማገጃ ጎማ እንዳይደርቅ በየሳምንቱ አስነሺው» ብለዋቸዋል። ወይዘሮዋ የጎደለውን ዘይት እየሞሉ ቆይተዋል፤ አሁን ግን ዘይት ከገበያ ጠፋባቸው። ስለ አጥሩ ቀዳዳ ምንም አልተናገርሁም።

ማገጃው የጎማ ቀለበት መሆኑን፣ ከንፈሩ የሚሽከረከረውን ዘንግ አቅፎ ዘይቱን ከውስጥ እንደሚያስቀር፣ ካልተለወጠ ሞተሩ እንደሚቃጠል አስረዳኋቸው። አዲሱን ከሣጥን አወጡት። እንደ ቆዳ እንዳይደርቅ በማለት በየወሩ ቅቤ ይቀቡት ኖሯል፤ ሽታው አይጥ ጠርቶ ከንፈሩ ተበልቷል።

«እንዲለሰልስ ብዬ ነው» አሉ።

ባይቀቡትም በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መድረቁ አይቀርም ነበር አልኋቸው።

«ሞተሩ ላይ ያለውን አሮጌውን እሱ ነበር የገጠመው። እስኪመጣ አይቆይም?»

«አይቆይም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከዚያም እንድፈታው በእጃቸው አመለከቱኝ።

ኦሎምፒያ ካለ የመኪና ዕቃ መደብር ሌላ ማገጃ አመጣሁ። የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ እሱ የሚዞርበትን ፑሊም ፈትቼ፣ ዘንጉን እንዳልጭር ተጠንቅቄ አሮጌውን በካቻቢቴ አወጣሁት። የአዲሱን ከንፈር ንጹሕ ዘይት ቀብቼ፣ ወደ ውስጥ አዙሬ፣ እንዳያጋድል ዙሪያውን ቀስ እያልሁ መትቼ አስገባሁት። ሞተሩ ሲነሣ አንድ ጠብታ እንኳ አልወጣም። ወይዘሮ ፈለቀች በራሰው ፋንታ ያነጠፉትን አዲስ ካርቶን ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ደረቅ ነበር።

የእጅ ፍሬኑም መላላቱን ነግሬ ላጠብቀው ልገባ ስል፣ የመኪናውን በር ያዙት።

«እሱን ተዉት፣ አቶ ጀቤሳ። ሲመጣ የሚሠራው ነገር ይኑር።»

መፍቻዎቼን ሰበሰብሁ።